ቁጥሩ የቆመበት አያት

ስድስት ኪሎ ግቢ በተማርኩባቸው ዓመታት «ወዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ «ኬኔዲ» ብሎ መልሶ ያልፍ ነበር። ኬኔዲ ለእኛ ሰው አልነበረም፤ ቤት ነበር። ሙሉ ስሙ የጆን ኤፍ. ኬኔዲ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ይባላል፤ በፈተና ሰሞን ወንበር ለመያዝ በማለዳ የምንሽቀዳደምበት፣ እንቅልፍ የጣለው ግንባሩን መጽሐፍ ላይ አስደግፎ የሚያሸልብበት፣ ከንባብ ይልቅ ለመተያየት የሚመጡም የማይጠፉበት ቤት። ስሙ የአንድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መሆኑን እናውቃለን። ከፕሬዚዳንቱ በፊት የማን እንደነበረ፣ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ስድስት ኪሎ እንደደረሰ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ጥያቄው የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ናይሮቢ ውስጥ፣ በአጥር ላይ ነው። ጎረቤቴ አየርላንዳዊት ናቸው። በ1985 ወሎ ውስጥ በረሀብ ለተጎዱ ሰዎች በተከፈተ መጠለያ ሠርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወደ ኬንያ ተሻገሩ፤ እንደ እኔው «ለጥቂት ጊዜ» ብለው መጥተው፣ እንደ እኔው ቀሩ። ነርስ ስለነበሩ በአገራችን ልማድ «ሲስተር» እላቸዋለሁ፤ ይህን የሰማ እንግዳ መነኩሲት መስለውት፣ ሲጋራቸውን ሲለኩሱ ባየ ጊዜ ይደነግጣል። ከአማርኛችን «አይዞህ» የምትለዋን ቃል አልረሱም። ማንን ሲያጽናኑ እንደተማሯት ስለማውቅ ሲሏት ደስ አይለኝም።

አንድ ቀን የሲስተር የመብራት ሂሳብ በስሕተት ወደ እኔ ቤት መጣና የቤተሰብ ስማቸውን አነበብኩ። ኬኔዲ።

«እንዴ ሲስተር! የፕሬዚዳንቱ ዘመድ ነዎት እንዴ?» አልኳቸው ወረቀቱን በአጥሩ ላይ እያቀበልኩ።

«አይደለሁም፤ እኛ የቲፐራሪ ነን፣ እነሱ የዌክስፎርድ» አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው «ነገር ግን የአንድ ሰው የልጅ ልጆች ነን» አሉ።

«የማን?»

«የኪኔዴ።»

«መቼ ሞቱ?»

«ሺህ ዓመት ሊሆናቸው ነው» አሉኝ፣ ትናንት ያረፉ አጎታቸውን የሚያነሡ ያህል።

ሺህ ዓመት የሞላው አያት የእኛም አገር ሰው አያጣም፤ ሰባት ቤት የሚቆጥር፣ ከዚያም አልፎ እስከ አቅኚው አባት የሚወጣ ሽማግሌ በየቀበሌው ነበረ። ሶማሌ ጎረቤቶቻችንማ በዚህ ነገር የሚደርስባቸው የለም፤ ገና አፉን የፈታ ሕፃን አባቶቹን በተራ እንዲጠራ ያስተምራሉ። የሲስተር ነገር የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እሳቸው አይቆጥሩም። በመካከል ያሉትን ሠላሳ ያህል አባቶች አንዱንም አያውቋቸውም። አያቱ ሺህ ዓመት ሙሉ ሳይቆጠር በመብራት ሂሳብ ላይ ተጽፎ ይመጣላቸዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጥንት አየርላንዳውያን እንደ እኛው የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። ሰው የራሱን ስም ይጠራል፤ ከዚያ «ማክ» ብሎ የአባቱን፣ ወይም «ኡአ» ብሎ የአያቱን ስም ያስከትላል። ማክ ልጅ፣ ኡአ የልጅ ልጅ ማለት ነው። በየትውልዱ አንድ ስም ይገባል፣ አንድ ስም ይወጣል። አበበ ከበደ የወለደውን ልጅ ታደሰ ቢለው ልጁ ታደሰ አበበ ነው፤ ከበደ ሦስተኛ ይሆናል፤ የታደሰ ልጅ ሲመጣ ከበደ ከወረቀቱ ይወጣና በሽማግሌ አፍ ብቻ ይቀራል። የእነሱም ደንብ ይኸው ነበር።

በ10ኛውና በ11ኛው ምዕተ ዓመት ግን አየርላንድ ውስጥ ይህ ቁጥር ቆመ። «ኡአ» በኋላ አጥሮ «ኦ» ሆነ፤ ትርጉሙም «የልጅ ልጅ» መሆኑ ቀርቶ «ከእገሌ ዘር የሆነ» ወደሚለው ተለወጠ። የልጅ ልጁ ልጅ፣ የእሱም ልጅ በዚያው በአንዱ አያት ስም መጠራት ቀጠሉ። በ916 ያረፈ አንድ የምዕራብ አየርላንድ ገዥ በዜና መዋዕል ላይ «ኦ ክሌሪ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ በአውሮፓ ከታወቁት ወራሽ የቤተሰብ ስሞች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ እሱ ነው። እንግሊዞች ይህን ልማድ በደንብ ከመያዛቸው በፊት አየርላንዶች ይዘውት ነበር። ቅንጦት ሆኖ አይደለም። ከአንድ ገናና ሰው መወለድ በሥልጣንና በመሬት ላይ ድርሻ ያሰጥ ስለነበር፣ ያን ሰው ከስም ላይ ማውጣት ድርሻን እንደ መጣል ይቆጠራል። ርስት ለማስመለስ አያቱን ከመቃብር እየጠራ የተሟገተ ሕዝብ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ኪኔዴ የዶንኩዋን ልጅ ነው። ዶንኩዋን ደግሞ የብራያን ቦሩ ወንድም። ብራያን ቦሩ መላ አየርላንድን በአንድ ንጉሥ ሥር ለማድረግ የተቃረበው፣ በ1014 በክሎንታርፍ ጦርነት ሠራዊቱ ድል ባደረገበት ዕለት የተገደለው ነው። የእሱ ዘሮች ኦብራያን ተባሉ፤ የወንድሙ ልጅ ዘሮች ደግሞ ኦ ኪኔዴ። የብራያንና የዶንኩዋን አባትም በ951 የሞተ ኪኔዴ የሚባል ሰው ነበርና ልጁ በአያቱ መሰየሙ ነው። ስሙ ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው። የመጀመሪያው «ራስ» ለመሆኑ ሁሉም ይስማማል፤ ሁለተኛውን አንዳንዱ «አስቀያሚ» ሲለው አንዳንዱ «የጦር ልብስ» ይለዋል። ስለዚህ ኬኔዲ ወይ «መልከ ጥፉ ራስ» ነው፣ ወይ «የራስ ቁር የደፋ»። ሲስተር የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ ወንድሞቻቸውን ያየ ሁለተኛውን አይቀበልም ይላሉ።

ስሙ የተሰደደው ገና ባሕር ሳያይ ነው። ኦ ኪኔዴዎች በመጀመሪያ የሻነንን ወንዝ ተንተርሰው፣ ክሌር በሚባለው አውራጃ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በኪላሉ አጠገብ ነበሩ። የገዛ ዘመዶቻቸው ኦብራያኖችና ሌሎች ጎረቤቶች ገፏቸውና በ12ኛው ምዕተ ዓመት ወንዙን ተሻግረው ዛሬ ሰሜን ቲፐራሪ በሚባለው፣ ያኔ ኦርመንድ በተባለው ምድር ሠፈሩ። እዚያ ተስፋፉ፤ ከመስፋፋታቸውም የተነሣ ስሙ መለያ መሆኑ ቀርቶ «ቡናማው»፣ «ቀዩ»፣ «ነጩ» እየተባሉ በሦስት ቅርንጫፍ ተከፈሉ። ዛሬም በዚያ አገር ኬኔዲ ብሎ መጥራት ማንንም አያስነሣም ይላሉ ሲስተር፤ በትምህርት ቤታቸው ለእያንዳንዱ ኬኔዲ የአባቱ ወይም የእናቱ ስም ይጨመርለት ነበርና። ቁጥሩን ያቆሙ ሰዎች ተመልሰው መቁጠር ግድ ሆኖባቸዋል ማለት ነው።

ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ዕቃ አለ። ሎራ በምትባል ስፍራ በነበረ ገዳም የተጠበቀ ጥንታዊ የጸሎት መጽሐፍ በብር ባጌጠ ማኅደር ተቀምጦ ኖሯል፤ በማኅደሩ ላይ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ለኦርመንድ ንጉሥ ለፊሊፕ ኦ ኪኔዴና ለሚስቱ ለአንያ ጸሎት እንዲደረግ የሚለምን ጽሑፍ ተቀርጿል። ማኅደሩ አሁን ደብሊን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛል። ይህን ስሰማ በየገዳሞቻችን ብራና መጨረሻ ላይ ላጻፈውና ላጻፈችው ምሕረትን የሚለምነው ቃል ትዝ አለኝ። እዚያም እዚህም የሚስት ስም አይቀርም። በጸሎት ውስጥ ሴት ትጻፋለች፤ በወረቀት ላይ ነው የምትጠፋው።

በቋንቋቸውስ አልጠፋችም ነበር። የሲስተር ወንድም በአየርላንድኛ ኦ ኪኔዴ ነው፤ ሲስተር ግን «ኒ ሂኔዴ» ናቸው፤ «ኒ» ሴት ልጅ መሆናቸውን ትናገራለች፣ ከሷም በኋላ የስሙ መነሻ ፊደል ይላላል። ያገባች ሴት ስም ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ስሙን ሰምቶ ወንድ ይሁን ሴት፣ ያገባች ትሁን ያላገባች መለየት ይቻል ነበር። እንግሊዝኛ ሲመጣ ይህ ሁሉ ተጨፍልቆ ሁሉም ኬኔዲ ሆነ።

እንግሊዝኛው የመጣው በየዋህነት አይደለም። በ1465 በእንግሊዝ ዘውድ ሥር የነበረው የአየርላንድ ፓርላማ፣ በደብሊን ዙሪያ ባሉ አራት አውራጃዎች የሚኖር አየርላንዳዊ ሁሉ የእንግሊዝ ሰው ልብስ እንዲለብስና የእንግሊዝ ስም እንዲይዝ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ስሙ ወይ የከተማ፣ ወይ የቀለም፣ ወይ የሥራ ይሁን ተባለ፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፤ አንጥረኛ፣ አናጢ፤ ምግብ አብሳይ። እነ ኦ ኪኔዴ ከዚያ ክልል ውጭ ስለነበሩ ሕጉ በቀጥታ አልነካቸውም። እነሱን የነካቸው በ17ኛው ምዕተ ዓመት የመጣው ጦርና ከጦሩ በኋላ የመጣው ቀያሽ ነው። መሬታቸው ተወስዶ ለሌላ ሲሰጥ፣ ቀድሞ መሬት የሚያስገኘው «ኦ» አሁን የተሸናፊ ምልክት ሆነ፤ በጸሐፊዎች እጅ ተንጠባጥቦ ቀረ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ቋንቋቸውንና ባህላቸውን ለማንሣት በተነሡ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች «ኦ»ን መልሰው ተክለዋል። ኬኔዲዎች ግን ከጥቂቶች በቀር አልመለሱትም። የልጅ ልጅ የሚለው ቃል ወድቆ፣ አያቱ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በስኮትላንድም ኬኔዲ የሚባሉ ጥንታውያን መኳንንት አሉ። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳማ ስለሆኑ ስሙ አንድ ዓይነት ሆነ እንጂ ሐረጉ ሌላ ነው፤ በሰሜን አየርላንድ ከሚገኙት ኬኔዲዎች ብዙዎቹ ከእነዚያ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ስም አንድ መሆኑ ዝምድናን አያረጋግጥም። ይህን ወደ ኋላ ስለምመለስበት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ከኦርመንድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ዌክስፎርድ የወረደ ቅርንጫፍ እንደነበረ ይነገራል። ከዚያ ወገን በ1820ዎቹ፣ ከኒው ሮስ ከተማ ብዙም በማትርቅ ደንጋንስታውን በተባለች መንደር ፓትሪክ ኬኔዲ ተወለደ። የጭሰኛ ልጅ ነው፤ ታናሽ ስለሆነም እርሻው የሚደርሰው ለእሱ አልነበረም። በርሜል መሥራት ተማረ። በ1845 የድንችን ቅጠል አጥቁሮ ፍሬውን ከመሬት ውስጥ የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እህል ከአገር ሲወጣ ሰው በመንገድ ዳር ይወድቅ ነበር ብል ይበቃል። በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው የአየርላንድ ሕዝብ በ1851 ስድስት ሚሊዮን ተኩል ሆኖ ተገኘ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሞተ፤ ከዚያ የሚበልጥ ወጣ። ሲስተር በወሎ ያዩትን ሲያወሩ «አያቶቼ ያወሩት ነበር» ይላሉ። በአየርላንድ መንደሮች ለእኛ ረሀብ ድሆች ሳንቲማቸውን ያዋጡት ስለዚህ ነው የሚለው አባባላቸውን ሰምቼ ለመጠራጠር አንድም ምክንያት አላገኘሁም።

ፓትሪክ በ1849 ቦስተን ደረሰ። በዚያው ዓመት መስከረም ከዚያው ከዌክስፎርድ የመጣች ብሪጅት መርፊ የምትባል ሴት አገባ። ወደቡ አጠገብ በርሜል እየሠራ አምስት ልጆች ወለዱ፤ አንዱ ወንድ በሕፃንነቱ ሞተ። ኅዳር 22 ቀን 1858 ፓትሪክ ራሱ በኮሌራ ሞተ። ሦስት ሴቶች ልጆችና አንድ የአሥር ወር ወንድ ሕፃን ቀሩ።

እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ያ ስም ከክሎንታርፍ ጀምሮ ንጉሥና ጭሰኛ፣ ጦርና ረሀብ አልፎ፣ በዚህ ወገን በአንድ የአሥር ወር ሕፃን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሕፃኑን ያሳደገችው ግን ኬኔዲ አይደለችም፤ መርፊ ናት። ብሪጅት የሰው ቤት አገለገለች፤ ኋላ ትንሽ ሱቅ ከፈተች፤ ልጆቿንም ከዚያች ሱቅ አበላች። ልጁ ፓትሪክ ጆሴፍ በወደቡ የቀን ሥራ ጀምሮ የመጠጥ ቤቶች ባለቤት፣ ከዚያም የማሳቹሴትስ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ የልጁ ልጅ በ1961 ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ። በቤተ መጻሕፍታችን በር ላይ የተጻፈው ግን የበርሜል ሠሪው ስም ነው። መርፊ የትም አልተጻፈም። የፕሬዚዳንቱ ስምንት ቅድመ አያቶች ሁሉም ከአየርላንድ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከስምንቱ ሰባቱን ስሙ አያውቃቸውም።

ጆን ኬኔዲ አያቶቹን ፍለጋ ወደ ደንጋንስታውን የሄደው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በ1947፣ ገና ወጣት የምክር ቤት አባል ሳለ፣ በመኪና እየጠየቀ። ሁለተኛው በሰኔ 1963፣ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ በሄሊኮፕተር። ያን ቀን በአያቱ ደጃፍ ተቀብለው ሻይ ያቀረቡለት ሴት ሜሪ ራያን ይባላሉ። በትውልድ ኬኔዲ ናቸው፣ በጋብቻ ራያን። ስማቸው ሌላ ነው፤ ዝምድናው ግን ከአፋቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ የእኔ አያት ከአንተ አያት ጋር እንዲህ ነበሩ ብለው ቆጥረው ያውቁታል። በ1922፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው፣ ደብሊን ያለው የመዛግብት ቤት ተቃጥሎ የብዙ ዘመን የሕዝብ ቆጠራና የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አመድ ሆኗል። በዚያች መንደር ዝምድናው ያልተቃጠለው ከመዝገብ ቤት ውጭ፣ እሳት ዳር ስለነበረ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ ፕሬዚዳንቱ ተገደለ፤ ቀኑ ኅዳር 22 ነበር፣ በርሜል ሠሪው በሞተ በ105 ዓመቱ፣ ቀን ለቀን። በኅዳር 25 ቀብር ላይ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአገር መሪዎች ጋር ከአስከሬኑ ኋላ በእግራቸው ተጓዙ፤ ገና በጥቅምት መጀመሪያ በዋሽንግተን የተቀበሏቸው ያው ሟች ነበሩ። የአየርላንዱ ፕሬዚዳንት ዴ ቫሌራም መጥተው ነበር። ዴ ቫሌራ ኒው ዮርክ የተወለዱ ናቸው፤ ስማቸው ከስፓኛዊ አባታቸው የመጣ ነው። ያን ቀን በዋሽንግተን የአየርላንድ ስም የያዘ አሜሪካዊ ሲቀበር፣ የስፓኝ ስም የያዙ አየርላንዳዊና የቤተሰብ ስም የሌላቸው ኢትዮጵያዊ ሸኙት። የውጭ ጋዜጦች ንጉሡን «ሥላሴ» እያሉ በአጭሩ ሲጽፉ ሥላሴን የአያታቸው ስም ያደረጉት መስሎኝ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የቤተሰቤን ስሞች እዚህ አልጽፍም፤ ጉዳዩ ገና በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል ወጣ። በመጠለያ ጣቢያ ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ ሰው «የቤተሰብ ስም?» አለው። ወንድሜ እንደ አገሩ ደንብ ሦስት ስም ነገረው፤ ሰውየው የመጨረሻውን ወሰደ። የመጨረሻው የአያታችን ነበር። አያታችን፣ መንዝ ውስጥ ገብስ ሲያርስ ኖሮ የሞተ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ቁጥሩ የቆመበት አያት ሆነ። አሁን አሜሪካ ውስጥ አምስት ሰዎች በስሙ ይጠራሉ፤ ሁለቱ አማርኛ አይችሉም። እኔ ናይሮቢ ስገባ ወረቀቴ ላይ ሁለት ስም ብቻ ስለነበረ የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆነብኝ። ልጄ ሲወለድ ደግሞ በአባቶቼ ደንብ የራሴን ስም አስከተልኩለት። እንዲህ ሆነን ከአንድ ሰው የወጣን ሰዎች በሦስት ስም ተጻፍን፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መናገር አልችልም፤ ሁላችንም የተጠየቅነውን ነው የመለስነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ወንድሜ ታመመ። ልጁ ደውላ «አባባ ይጠይቅሃል» አለችኝ። ለጉዞ ፈቃድ አመለከትኩ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴት ጨዋ ነበረች፤ ወረቀቶቹን ሁለቴ ካየች በኋላ «ወንድማማቾች ከሆናችሁ የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ይለያያል?» አለች። ነገሩን ለማስረዳት ሞከርኩ። በእንግሊዝኛ ሲነገር የውሸት ይመስላል። ከቀበሌ ማስረጃ፣ የሦስት ሽማግሌዎች ምስክርነት፣ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ፣ ትርጉም፣ ማኅተም አምጣ ተባልኩ። ሽማግሌዎቹ ተገኙ፤ አንደኛው ሰባት ቤት ቆጥሮ ሲመሰክር ጸሐፊው «አባትና አያት ይበቃል» ብሎ እንዳስቆመው ነግረውኛል። የመጨረሻው ማኅተም የተመታው ወንድሜ በተቀበረ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ያችን ሴት አልወቅሳትም። ስም አንድ ሲሆን ዘመድ፣ ስም ሲለያይ ባዕድ ከሚሆንበት ዓለም የመጣች ናት፤ የስኮትላንዱ ኬኔዲና የቲፐራሪው ኬኔዲ «ወንድማማች ነን» ብለው ቢመጡ ሳትጠይቅ ታልፋቸው ይሆናል። ይህን ለሲስተር ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። ሲጋራቸውን አጥፍተው «አይዞህ» አሉኝ። ያን ቀን ቃሏ አልከበደችብኝም።

ይህን ሁሉ ያስነሣኝ ባለፈው ወር የተወለደችው የልጅ ልጄ ናት። ልጄ የልደት ማስመዝገቢያ ቅጹን ይዞ መጣና ጠረጴዛ ላይ አኖረው። «አባዬ፣ የሱዳኑን ስም እንያዝ፤ ከአጎቴ ልጆች ጋር አንድ እንሁን፤ እሷ እኛ የደረሰብን እንዳይደርስባት» አለኝ። ልክ ነው። ሲስተርም ልክ ነው ይላሉ፤ ሺህ ዓመት የዘለቀ ስም ያላቸው ሰው ሌላ ምን ይላሉ። እኔ ግን አንድ ነገር እየቆጠርኩ ነው። ያ ስም ሲቆም አባቴ ከሐረጉ ይወጣል፤ እኔም እወጣለሁ፤ ልጄም እንዲሁ። ይህስ ይሁን። አያቴ በሞተ ጊዜ አባቴንና ስድስት እኅት ወንድሞቹን በጠላ ጠመቃ ያሳደገችው አያቴስ? ቅጹ ላይ የሷ ቦታ የለም። የሕፃኗ አባትና እናት አራት ወላጆች አሏቸው፤ ከፍ ሲል ስምንት፤ ከዚያ ላይ አሥራ ስድስት። ቅጹ የሚፈልገው አንዱን ነው።

ስለዚህ ስምምነት አደረግን። ቅጹ ላይ ልጄ ያለው ይጻፋል። እኔ ደግሞ አንድ ደብተር ገዝቼ፣ በልጅቷ ስም፣ በአባትም በእናትም በኩል የማገኘውን ሁሉ እየጻፍኩ ነው። የምራቴ እናት ሐዋሳ ናቸው፤ ስልክ ደውዬ የእሳቸውን ወገን ሁለት ምሽት ሙሉ አስቆጠርኳቸው፤ «ጋሼ፣ ለምን ፈለጉት? ክስ አለ እንዴ?» ብለውኛል። በእኔ በኩል አንዲት ሴት ጎደለችኝ፤ የዚያች ጠላ ጠማቂ አያቴ እናት። ስሟን አላውቅም። አባቴም ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። ደብረ ብርሃን ያሉ የዘጠና ዓመት አክስቴ ብቻ ናቸው የቀሩት። ባለፈው እሑድ ደውዬ ጠየቅኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አክስቴ፣ አሉ?» አልኩ። «አለሁ፤ ፊቷ መጥቶልኛል፣ ስሟ ነው የራቀኝ» አሉ። «እስከ ሐሙስ ታገሠኝ።»

ቅጹ የሚገባው ዓርብ ነው። አንዱን መስመር ባዶ ትቼለታለሁ።